ዘጠኝ የመብራት ማማ አይቼ አንዱንም አላስታውስም፦ የዓሣ አጥማጅ መንደሮችን በመኪና እንዴት ትዞራላችሁ?

መንገድ ወዳድ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ዓመት መኪና ተከራይቼ ለሦስት ቀን የባሕር ዳርቻ መንገድ ይዤ ነበር። ዕቅዴ በካርታው ላይ ያሉትን የመብራት ማማዎች አንድ በአንድ መልቀም ነበር። ዘጠኝ ለቀምኩ። ዛሬ ፎቶግራፎቹን ስከፍታቸው የትኛው የት እንደነበረ መለየት አልቻልኩም። ነጭ ግንብ፣ ቀይ አናት፣ አጥር፣ "መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ። በመካከል ያለፍኳቸውን የአጥማጅ መንደሮች ደግሞ በመስኮት ከማየት በቀር ወርጄ አልረገጥኳቸውም ማለት ይቻላል።

ከጉዞው የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ስቼ ያገኘሁት። በሁለተኛው ቀን ሳላስበው አንድ ትንሽ ወደብ ጫፍ ላይ ደረስኩ። አንድ ሽማግሌ ከተገለበጠ ጀልባ አጠገብ ተንበርክከው በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቅጥራን በጠጣ ቃጫ እየሞሉ በመዶሻ ይጠቀጥቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና "መኪናህን ከዚያ አንሣው፤ ውኃው ይመጣል" አሉኝ። ውኃው ከመኪናዬ ሠላሳ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በልቤ ሳቅሁ፤ ለአክብሮት ያህል ግን አነሣሁት። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል ቅድም የቆምኩበት ጠጠር ርሶ ነበር።

በቅርቡ አምስት ቀን አለኝ። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ የምነዳውም ብቻዬን ነው። እንደ ባለፈው ሩጫ እንዳይሆንብኝ እናንተ እንዴት እንደምታደርጉ ንገሩኝ።

ጠመዝማዛ

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የማማዎቹ አይደለም። በቀን ሦስት ማማ ማለት በቀን ሦስት የመኪና ማቆሚያ ማለት ነው፤ ያየኸውም እሱኑ ነው።

እኔ ካርታ ሳነብ ማማ አልፈልግም። የምፈልገው ውኃ ላይ ሲደርስ የሚያልቅ መንገድ ነው። ዋናው ጎዳና በመካከሉ የሚያልፍበት መንደር መቼም ጸጥ አይልለትም። ከጎዳናው አምስት ወይም ዐሥር ኪሎ ሜትር ተገንጥሎ ባሕሩ ላይ የሚያበቃ ቀጭን መስመር ፈልግ። ጫፉ ላይ እንደ ክርን የታጠፈ ማዕበል ሰባሪ ግድብ ከታየህ እዚያ ጀልባ አለ። ጀልባ ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መብራት አለ፤ ስመ ጥሩ ማማ ባይሆን እንኳን በግድቡ ጫፍ የቆመች ቁመቷ ከሰው ብዙም የማይበልጥ አንዲት መብራት።

በኖርዌይ የሎፎተን ደሴቶች ኢ10 የተባለው ጎዳና ደሴቶቹን በድልድይና በዋሻ እየሰፋ ሄዶ ኦ የምትባል መንደር ላይ ያበቃል። ስሟ አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በኖርዌጂያን ፊደል ገበታ የመጨረሻው። መንገዱም ፊደሉም አብረው ያልቃሉ። ችግሩ ይህን የሚያውቀው ሰው ብዛት ነው፤ በበጋቸው ወራት ጎዳናው በመኝታ መኪኖች ይሞላል። ከእሱ ተገንጥለህ ወደ ኑስፍዮርድ ብትወርድ የተሻለ ትተነፍሳለህ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል መሄድ ነው። ኮድ የተባለው ዓሣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ወደዚያ ይመጣል። ጅራትና ጅራቱ ጥንድ ጥንድ እየታሰረ በእንጨት መስቀያ ላይ ይሰቀልና ያለ አንዳች ጨው በብርድና በነፋስ ብቻ ይደርቃል። ሽታው መኪናህ ውስጥ ሳምንት ይከርማል፤ እኔ አልጠላሁትም።

የድሮ መርከበኛ

በዕድሜ ስለምበልጥህ "አንተ" ብልህ ቅር አይበልህ። ልጄ፣ አንተ ዘጠኝ ግንብ አየህ እንጂ አንድም መብራት አላየህም።

ማማ በቀን የሚናገረው በቀለሙ ነው። ነጭና ጥቁር እባብ የተጠመጠመበት የሚመስለው፣ ወይም ቀይና ነጭ ቀበቶ የታጠቀው፣ ለጌጥ የተቀባ አይደለም፤ መርከበኛ ከሩቅ አይቶ "ይህ እገሌ ነው" እንዲል ነው። በሌሊት ደግሞ የሚናገረው በጊዜ ነው። በአሜሪካ የኬፕ ሃተራስ መብራት በየ7.5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። በሜይን ግዛት ያለው ፖርትላንድ ሄድ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1791 የተለኮሰው፣ በየ4 ሰከንዱ ነው። በአየርላንድ ሁክ የሚባለው ስምንት መቶ ዓመት ያህል የቆመ ማማ በየ3 ሰከንዱ ነው። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ረጅም ጨለማ የሚያሳይ አለ። ብርሃኑ ከጨለማው የሚረዝምም አለ፤ እሱን ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ሰው አድርገህ አስበው። አንድ ዓይነት ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት መብራቶችን በአንድ አካባቢ አያስቀምጡም። በካርታችን ላይ የእያንዳንዱ ጠባይ ተጽፏል፤ እኛ ሰዓት ይዘን ቆጥረን የት እንዳለን የምናውቀው በዚያ ነበር።

ስለዚህ ወደ ማማው እግር አትሂድ። ከሥሩ ስትሆን ጨረሩ በአናትህ ላይ ያልፍና ምንም አታይም። የባሕር ሰላጤውን ዙረህ ማዶ ተሻገር። ሰባትም ይሁን ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀህ መኪናህን አቁም። የፊት መብራትህን ወዲያውኑ አጥፋ፤ ወደ ባሕር የዞረ የመኪና መብራት ወደብ የሚፈልገውን ሰው ዓይን ያሳውራል። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ታገሥ። ከዚያ ቁጠር። አንዱን ብልጭታ ብቻ አትለካ፤ ዐሥሩን ለክተህ ለዐሥር አካፍል፤ እጅህ ቢዘገይ ስሕተቱ ይሳሳል።

ዕድለኛ ከሆንክ በውኃው ላይ ሌላም ታያለህ። አረንጓዴ ከላይ፣ ነጭ ከሥር የተደራረቡ ሁለት መብራቶች ካየህ መረብ እየጎተተ ያለ ጀልባ ነው። ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከሥር ከሆነ በሌላ ዓይነት መረብ ወይም በመንጠቆ ገመድ ያጠምዳል። ይህ የዓለም አቀፍ ሕግ ነው፤ የትም አገር ብትቆም አይለወጥም። የወደብ በር ቀይና አረንጓዴ መብራት ግን ይለያያል፦ በአውሮፓ ከባሕር ወደ ወደብ ሲገባ ቀዩ በግራ ነው፤ በአሜሪካ አህጉራት በቀኝ ነው።

ፀሐይ ግባት

አባባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይህ ሁሉ ትዝታ አይደለም? ጠባቂዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ትልልቆቹ ሌንሶች ብዙዎቹ ወርደው ሙዚየም ገብተዋል፤ በቦታቸው የጫማ ሣጥን የምታህል የኤልኢዲ መብራት ተተክላለች። መርከቦቹም በሳተላይት ነው የሚሄዱት። ባዶ ግንብ ለማየት መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት ለእኔ ትርጉም አልሰጠኝም። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱም ጊዜ ያገኘሁት የተቆለፈ በር ነው።

የድሮ መርከበኛ

በሩ መቆለፉ እውነት ነው። በስኮትላንድ የመጨረሻው ጠባቂ ከፌር አይል ደቡብ ማማ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ በእንግሊዝም ነገሩ በዚያው ዓመት አብቅቷል።

ነገር ግን ጠባቂ የሌለው መብራት የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስልህ። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ፀሐይ ስትወጣ የመብራቱን ጋዝ የሚዘጋ፣ ስትጠልቅ የሚከፍት መሣሪያ የሠራው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። አሠራሩ ሕፃን ይገባዋል፤ በተወለወሉ ዘንጎች መካከል አንድ ጥቁር ዘንግ አለ። ጥቁሩ የቀኑን ብርሃን ይጠጣና ከሌሎቹ አልፎ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ጋዙን ይዘጋል። በዚህ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በሙከራ ላይ ሳለ በደረሰ ፍንዳታ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ከዚያም በኋላ ሥራውን አላቆመም።

ሌንሱንም ለማየት ከሄድክ ወደ ላይ የሚያስወጡ ማማዎች ሞልተዋል፤ ሦስት ጊዜ ከመሄድህ በፊት አንድ ጊዜ ስልክ ብትደውል ጥሩ ነበር። ኦጉስተን ፍሬኔል የተባለው ፈረንሳዊ የመጀመሪያውን ሌንሱን ያበራው እ.ኤ.አ. በ1823 በኮርዱዋን ማማ ላይ ነው። ብልሃቱ ወፍራሙን መስታወት በቀለበት በቀለበት ቆራርጦ፣ ወደ ሰማይና ወደ መሬት የሚባክነውን ብርሃን አጥፎ ወደ አድማሱ መላክ ነው። በኋላ እነዚያን ቶኖች የሚመዝኑ ሌንሶች በሜርኩሪ ገንዳ ላይ አንሳፈፏቸው፤ እኔ ራሴ በአንድ ጣቴ ገፍቼ አንዱን አዙሬያለሁ። ይህን ያህል ክብደት ያለ ድምፅ ሲዞር ስታየው "ባዶ ግንብ" አትልም።

ፀሐይ ግባት

ስልክ አለመደወሌን አምናለሁ።

መረብ ጠጋኝ

እኔ ደግሞ መኪናው በሚቆምበት በኩል ሆኜ ልናገር። ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የምንኖረውም ጠመዝማዛ በካርታ እየፈለገ ከሚያገኛቸው መንደሮች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ለምን እንደማልናገር ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ጸጥታውን ትወዱታላችሁ። እኔ በመጣሁበት ዓመት በወደባችን ዐሥራ አራት ጀልባዎች ነበሩ፤ ዛሬ አምስት ናቸው። በሰማያዊ ቀለም የደመቀ መስኮት፣ ደጁ ላይ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበት፣ ሁላችሁም የምታነሡት ቤት ባለቤቱ በዓመት ሦስት ሳምንት ብቅ የሚልበት ነው። የሚሠራበት ቤት ደጁ ላይ ያለው የሸርጣን ማጥመጃ ቅርጫት፣ የተቆለለ ገመድና የሚሸት መረብ ነው። ጸጥታው ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው ደግሞ የጎደሉት ዘጠኝ ጀልባዎች ነው። አትምጡ ለማለት አይደለም፤ ስትመጡ ምን እያያችሁ እንደሆነ እወቁ ለማለት ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ወደ ውኃው የሚወርደው የሲሚንቶ ተዳፋት ማቆሚያ አይደለም፤ ጀልባ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነው። ባዶ መስሎ የሚታየው ጀልባዎቹ ባሕር ላይ ስለሆኑ ነው። አንድ ቀን ንጋት ላይ ባለቤቴ ሞተሩ ታሞበት በሌላ ጀልባ ተጎትቶ ሲመጣ ተዳፋቱ ላይ አንዲት ንጹሕ መኪና ቆማ አገኘ። ባለቤቷ ማማው ጋ የፀሐይ መውጫ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሄዷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከግድቡ ውጭ በሞገድ ሲናጡ ቆዩ። ሰውየው ሲመለስ ደግሞ ጀልባዋን ጭምር ፎቶግራፍ አነሣት።

ገመድ ስታዩ አትርገጡ፣ አትሻገሩ፤ ላላ ያለ ገመድ ጀልባው ሲገፋ በቅጽበት ይወጠራል። መሬት ላይ የተዘረጋ መረብም ቆሻሻ አይደለም። በእሱ ላይ መኪና የነዳ ሰው አይቻለሁ! መረብ መጠገን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የተቀደደውን ለመዝጋት መጀመሪያ ቀዳዳውን ማስፋት አለብኝ። የተበላሹትን ዓይኖች ቆርጬ ቆርጬ የሚጀመርበትና የሚጨረስበት ትክክለኛ ቋጠሮ ላይ እስክደርስ አልጀምርም። ሲጀመር እንደ መዳፍ ትንሽ የነበረው ቀዳዳ እንደ መስኮት ይሆናል። ከዚያ ምላስ በሚመስለው መርፌ እየቋጠርኩ ዓይን በዓይን እመልሰዋለሁ። ጠጠር የያዘ ጎማ ሲያልፍበት በአንዴ ስንት ዓይን እንደሚበጠስ አስቡት።

ሰው ማነጋገር የምትፈልጉ ከሆነ ጀልባ ሲራገፍ አትምጡ፤ ያኔ ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም ፊቱን አያዞርም። ከተራገፈ በኋላ፣ ውኃ እየረጩ ወለሉን ሲያጥቡ ኑ። ያኔ ራሳቸው ያወሯችኋል። ማቆም እስኪያቅታቸው።

መንገድ ወዳድ

እኅቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ደግሞም አፍሬያለሁ። ሽማግሌው "አንሣው" ያሉኝ ለእኔ መኪና ተጨንቀው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የቆምኩት በዚያው ተዳፋት አፍ ላይ ነበር።

ቀዛፊ

ውኃው ይመጣል የሚለውን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ መኪናዬን ለአንድ ቀትር የባሕር ንብረት አድርጌያት ስለማውቅ።

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከጉድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው። በየወደቡ ደጃፍ የሚለጠፍ የሙላትና የጉድለት ሰሌዳ አለ። እኔም አነበብኩ። "ጉድለት 10፡20" ይላል። በአማርኛ የሚያስበው አእምሮዬ ወዲያው "ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ከሃያ" አለ። ሰሌዳው ማለቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ በባሕር ቋንቋ ጉድለትን ሙላት የሚያደርግ ልዩነት ነው። ይህን ያህል ተስማምቶ የሚያሳስት ስሕተት በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ሰባት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ውኃው ገና እየሸሸ ነው ብዬ ጠንከር ያለ አሸዋ ላይ አቁሜ ወደ ማማው በእግሬ ሄድኩ። ባሕሩ እኩል እየጨመረ አይሞላም። ስድስቱን ሰዓት ብትከፍለው በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ከፍታ አንድ ዐሥራ ሁለተኛውን፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ይጨምራል። እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ሰዓት፣ ሩጫው ላይ ነው። ስመለስ ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ጠልቀዋል፤ የአሸዋውም ጥንካሬ አልቋል። ትራክተር ያለው ሰው መጥቶ አወጣኝ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሰሌዳውን ብቻ በጣቱ አሳየኝ።

አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በካናዳ የፈንዲ ባሕር ሰላጤ ልዩነቱ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ ጠዋት መልሕቅ የጣለ ጀልባ ከሰዓት በኋላ ደረቅ ጭቃ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። በፈረንሳይ ወደ ኑዋርሙቲዬ ደሴት የሚወስደው የጉዋ መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር ይውጠዋል። በመንገዱ ዳር ዳር ሰው የሚወጣባቸው ከፍ ያሉ መጠለያዎች ተተክለዋል። በእንግሊዝ ወደ ሊንዲስፋርን የሚሻገረው መንገድም እንዲሁ ነው። መጠለያዎቹ የተሠሩት እንደ እኔ ላለ ሰው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንድ ሰሌዳ በበጋቸው ወራት ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ የሚጨመረውን አንድ ሰዓት አያካትትም። ግርጌውን አንብቡ።

የጨው ሽታ

ቀዛፊ፣ ያቺ መኪና ምን ሆነች?

ቀዛፊ

በዓመቷ የፍሬን ቧንቧዋን ዝገት በላው። ዝገቱ ከውስጥ ነበር የጀመረው።

የጨው ሽታ

ጠርጥሬ ነበር። ባሕር ውኃ ውስጥ ባትገባም ከዳርቻ ጉዞ በኋላ መኪናን ከሥር በንጹሕ ውኃ ማጠብ ግድ ነው፤ ላይዋን ብቻ ማሳመር ለጎረቤት ነው። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ነፋስ ነው። ማማ የሚሠራው ነፋስ በማይጠፋበት፣ ወደ ባሕር በወጣ የመሬት አፍንጫ ላይ ስለሆነ መኪናህን ስታቆም ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙር። ነፋስ ከኋላ መጥቶ የተከፈተ በር ከማጠፊያው ሲነቅል አይቻለሁ። በሩን በሁለት እጅ ያዘው፤ በሁለቱም በኩል በር በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፣ ወረቀታችሁ ሁሉ ባሕር ይገባል።

ደግሞ ድንጋዩ። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በፔጊስ ኮቭ እ.ኤ.አ. በ1915 የተሠራች ነጭ ማማ ግራናይት ላይ ቆማለች፤ ፎቶግራፏን ያላየ የለም። እዚያ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ቀላል ነው፦ ጥቁሩን ድንጋይ አትርገጡ። ጥቁር የሆነው ሞገድ ስለሚደርስበት ነው። ባሕሩ ረጋ ብሎ ቆይቶ ድንገት አንድ ትልቅ ይልካል፤ ሰዎች ተወስደዋል። ይህ ምክር ከየትኛውም ማማ ሥር ይሠራል።

ጠመዝማዛ

ስለ መንገዱ ያልተነሣ ነገር አለ። ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። በስኮትላንድ ወደ አርድናመርካን ስሄድ ሰዓቱን በኪሎ ሜትር ገምቼ ተታልያለሁ፤ ካሰብኩት እጥፍ ፈጀብኝ። ጫፉ ላይ አለን ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1849 የሠራው ማማ አለ፤ የግብፃውያንን አሠራር የተከተለ፣ 36 ሜትር የሚረዝም የግራናይት ግንብ። መንገዱ እስኪያልቅ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ሰፋ ብሎ መኪኖች የሚተላለፉበት ሆድ አለ። ሆዱ በአንተ በኩል ከሆነ ግባበት፤ በወዲያኛው በኩል ከሆነ ትይዩው ላይ ቆመህ የመጣው ይግባ። ከኋላህ የቸኮለ ካለ አሳልፈው፤ የአገሩ ሰው ነው፣ ሥራ አለው። ሆዱ ውስጥ አቁመህ ግን ፎቶግራፍ አታንሣ።

ወደ ኋላ መንዳት ካልቻልክ ከመሄድህ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመድ፤ የምቀልድ እንዳይመስልህ። መንደር ውስጥ ደግሞ መንገድ መሪውን ስልክ አትመነው። የድሮ የአጥማጅ መንደር ጎዳና የተሠራው ለሰውና ለእጅ ጋሪ ነው። በእንግሊዝ ኮርንዎል ሞልቷል፤ ስልኩ "ቀጥ ብለህ ሂድ" እያለ ሁለት ግድግዳ መካከል ያስገባሃል፤ ስፖኪዮህን አጥፈህም አታልፍም። መኪናውን ከላይ፣ ከመንደሩ አፍ ትተህ በእግርህ ውረድ። በእግር የሚወረደው ዐሥር ደቂቃ ነው፤ በመኪና ገብቶ መውጣት ግን አንድ ሙሉ ቀትር ሊፈጅ ይችላል።

ፀሐይ ግባት

ሁሉም መልካም። ግን ከመረብ ጠጋኝ ጀምሮ ብዙዎቻችሁ ስሙን ትደብቃላችሁ። መድረኩ ለመረጃ ከሆነ እስቲ የጸጥተኛ መንደሮችን ስም ዘርዝሩልን።

መረብ ጠጋኝ

ከእኛ ወዲያ ያለው መንደር ስሙ አንድ ቦታ "የተደበቀ ዕንቁ" ተብሎ ተጻፈ። በቀጣዩ በጋ የወደቡ ዳር በክፍያ መኪና የሚቆምበት ሆነ። ጀልባዎቹ የዓሣ ሣጥን የሚያራግፉበት ቦታ አጡ። ይህ ከበቂ በላይ መልስ ይመስለኛል።

ፀሐይ ግባት

ታዲያ እናንተ ብቻ ስትሄዱ ምን ይባላል?

ጠመዝማዛ

ልክ ነህ፤ እኔ ለዚህ መልስ የለኝም። ያለኝ ካርታ የማንበቡ ዘዴ ብቻ ነው፤ እሱን ሰጥቻለሁ። አንድ ሰዓት ካርታ ላይ አጎንብሶ የፈለገ ሰው ሲደርስ ተዳፋቱ ላይ አያቆምም ብዬ አምናለሁ። ልሳሳት እችላለሁ።

መንገድ ወዳድ

ተመልሻለሁ። በአምስት ቀን ሦስት ማማ፤ ከሦስቱም አንዱን ብቻ ነው የወጣሁት።

ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት በፈረንሳይ ብሪታኒ፣ በፔንማርክ አካባቢ ነው። ስሙን የምናገረው ምሥጢር ስላልሆነ ነው፤ ጊልቪኔክ ትልቅ የአጥማጅ ወደብ ነው፣ ከወደቡ በላይ ለተመልካች የተሠራ ሰገነት ሳይቀር አለው። ማንንም ሳታደናቅፍ ከላይ ሆነህ ታያለህ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ጀልባዎቹ ተከታትለው ይገባሉ፤ ከእያንዳንዳቸው በላይ የወፍ ደመና አለ። ሣጥኖቹ ሲወጡ ውስጣቸው ሮዝ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ጥፍር ያላቸው ሸርጣን መሰል ፍጥረቶች ነበሩ፤ ገና ይንቀሳቀሳሉ። የመረብ ጠጋኝን ምክር አስታውሼ ከተራገፈ በኋላ ወረድኩ። ወለሉን የሚያጥብ አንድ ወጣት ስለ ናፍጣ ዋጋ ጀመረና አርባ ደቂቃ አላቆመም። ግማሹ አልገባኝም። ገመዱን ስሻገር ግን ወሬውን አቋርጦ ጮኸብኝ።

ኤክሙል የተባለውን ማማ ወጣሁት፤ 307 ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የተሠራው አንዲት መኳንንት ሴት ለአባታቸው፣ የናፖሊዮን ማርሻል ለነበሩት ለዳቩ መታሰቢያ እንዲሆን በተናዘዙት ገንዘብ ነው። ኤክሙል የማርሻሉ የማዕረግ ስም መሆኑን እዚያ ነው የተረዳሁት፤ ከላይ ሆኜ ዳርቻውን ሳይ የጭንጫው ብዛት አስደነገጠኝ፤ ሴትዮዋ የአባታቸውን ስም ለጦርነት ሳይሆን ለመብራት ማዋላቸውን ወደድኩላቸው።

የመጨረሻውን ሌሊት አባባ እንዳሉኝ አደረግሁ። ከማማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ መብራቴን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ብልጭ አለ። ዐሥሩን ቆጠርኩ፤ አካፈልኩ፤ 4.5 ወጣ። ደገምኩት፤ 4.6። የማማው ሰሌዳ ግን በየ5 ሰከንዱ ይላል። ከባሕሩ ላይ አረንጓዴና ነጭ ድርብ መብራትም አየሁ፤ ቀስ እያለ ወደ ምዕራብ ይጎትት ነበር።

የድሮ መርከበኛ

ዐሥር ብልጭታ ቆጠርክ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ዘጠኝ ነው። ስንት ሰከንድ ነበር በጠቅላላ?

መንገድ ወዳድ

45 ወይም 46።

የድሮ መርከበኛ

ለዘጠኝ አካፍለው።

መንገድ ወዳድ

አምስት! እኔ ማማው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

መረብ ጠጋኝ

መኪናህን የት አቁመህ ነው የቆጠርከው?

መንገድ ወዳድ

ከላይ፣ ከመንደሩ አፍ፤ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙሬ።